«ለሥራ አይሆንም» የተባለው የድሬ ልጅ

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ወጣት ሦስት አራት ሥራ ይዞ ከለቀቀ ስም ይወጣለታል። «ተወው አቦ፣ እሱ ለሥራ አይሆንም» ይባላል። ይህቺ ቃል አንዴ ከወጣች ከቀፊራ ገበያ እስከ ሳቢያን ሰፈር ትደርሳለች። ከዚያ ወዲያ ሥራ ሲኖር እሱን የሚያስታውስ የለም።

እኔ ለትንንሽ ድርጅቶች ሂሳብ እሠራለሁ። ባለጋራዡም፣ ባለሆቴሉም፣ ባለ ዳቦ ቤቱም ደረሰኙን ይዞ ሲመጣ ወሬው አንድ ነው፤ «ሠራተኛ ጠፋ»። ከቢሮ ስወጣ ደግሞ ጥላ ሥር የተቀመጡት ልጆች «ሥራ ጠፋ» ይሉኛል። ሁለቱም ወገን እውነቱን ነው። ነገሩ ሲያስጨንቀኝ ስለቆየ የአንድ ሰው ጉዳይ ይዤ ከሥሩ ለማየት ወሰንኩ። የሠራባቸውን ቦታዎች ዞሬ ጠየቅኩ። አሠሪዎቹን፣ እናቱን፣ ራሱን አነጋገርኩ።

ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅዷል። ስሙንና የሠራባቸውን ድርጅቶች ግን አልጠራም። «ልጁ» እለዋለሁ። ሠላሳን አልፏል፤ ሆኖም ሰፈር ውስጥ ሥራና ትዳር ያልያዘ ወንድ ዕድሜው ምንም ይሁን ልጅ ነው።

የምድር ባቡር ቤት

አባቱ የምድር ባቡር ሰው ነበሩ። እዚሁ ድሬ ለገሃር፣ ወርክሾፕ ውስጥ፣ ብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ ነው የሠሩት። ይህን ሳያውቁ ልጁን መረዳት አይቻልም።

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ባቡሩ ወደ እሷ አልወጣም፤ ከተማ ሜዳው ላይ ተቆረቆረ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ድሬ ላይ የምድር ባቡር ሰው መሆን ማለት ወር በገባ ቁጥር የማይቀር ደመወዝ፣ ጡረታ፣ ትንሽም ትሁን ፈረንሳይኛ ማለት ነበር። ሱቅ ዱቤ አይከለክለውም። ልጅ ለመዳር ሲሄድ አንገቱን አይደፋም።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ የሚመጣው የድሮ ባቡር ቆመ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ማሽኑ ሌላ ነው፣ የሚጠይቀው ሙያም ሌላ ነው። አባቱ በጡረታ ወጡ። ጡረታቸው ያልደረሰ ጎረቤቶች ግን ነበሩ። የሚገጥም መለዋወጫ ከጠፋ ራሳቸው ቀርጸው ያወጡ የነበሩ ሰዎች ናቸው። እጃቸው ያው እጅ ነው፣ ችሎታቸው አልቀነሰም። ያንን እጅ የሚፈልግ ማሽን ብቻ ነው የጠፋው። እነዚህን ሰዎች ማንም «ለሥራ አይሆኑም» አላላቸውም፤ «ዕድል ነው» ተባለላቸው። ልጁ ላይ ስም ሲወጣ ይህ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ቤት የወረሰው ገንዘብ አይደለም። ሥራ ማለት የወር ደመወዝ ያለው፣ ማህተም ያለው፣ ሰው ሲጠይቅ በአንድ ቃል የሚመለስ ነገር ነው የሚል እምነት ነው። እናቱ ቀፊራ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲሸጡ ስንት ዘመናቸው ነው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቤቱን ያቆሙት እሳቸው ናቸው። ሥራዎት ምንድን ነው ስላቸው የመለሱልኝ ይህን ነው፤ «እኔማ ምን ሥራ አለኝ ልጄ፣ ቤት ነኝ።» በየቀኑ ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ማታ የሚገቡ ሴት ናቸው ይህን ያሉት።

የጠፋባቸው ቦታዎች

አሥረኛ ክፍል እንደጨረሰ መጀመሪያ የገባው ጋራዥ ነው። ደመወዝ አልነበረውም። ሙያ እስኪለምድ ምሳና የቅዳሜ ኪስ ገንዘብ ብቻ ነበር። ወድዶት ነበር። ባለጋራዡም አይክድም፤ «እጁ ጥሩ ነበር፣ ግን ጥሎኝ ጠፋ» አለኝ። ለምን እንደጠፋ ጠይቆት አያውቅም። ምክንያቱ የአባቱ ሞት ነው። ለቅሶው ሲያልፍ ቤቱ ብር ይፈልግ ነበር፤ ያለ ደመወዝ ሙያ መልመድ ደግሞ ቤቱ የሚበላለት ሰው የሚችለው ነገር ነው።

ቀጥሎ ሆቴል አስተናገደ። ብርጭቆ በተሰበረ ቁጥር ከሁሉም ይቆረጥ ነበር፤ ተጣልቶ ወጣ። እዚያ ላይ ብዙ የሚባል የለም።

ፋብሪካው ላይ ግን ልቆይ፤ ሰው ሁሉ የሚፈርድበት በዚያ ነው። ከከተማው ወጣ ባለ አንድ የልብስ ፋብሪካ ተቀጠረ። እናቱ ዘመድ ጠርተው ቡና አፈሉ። የወር ደመወዝ ነው፣ መታወቂያ ደረት ላይ ይንጠለጠላል። በሦስተኛው ወር ተወው። ሰፈሩ «ዕድሉን ረገጠ» አለ።

እኔ የደመወዝ ወረቀቱን አየሁት። ሥራዬ ስለሆነ በቅጡ ደመርኩት። ሰርቪስ ነበረው። ሰርቪሱ እስከሚቆምበት ድረስ ግን በዚያ ሰዓት ባጃጅ ያስፈልገዋል። ምሳውን ከራሱ ነው። የቀረ ቀን ይቆረጣል። በወሩ መጨረሻ እጁ ላይ የሚቀረው እናቱ ከሽንኩርቱ ከሚያተርፉት ያንሳል። እሱ ደግሞ ቤት ኪራይ የማይከፍል ነው። ከገጠር መጥተው አንድ ክፍል ለአራት የሚከራዩት ልጆች እንዴት እንደሚኖሩ አስቡት።

ይህ የእሱ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ 5 ድርጅቶች ላይ ጥናት ሠርተው ነበር። ሥራ ፈልገው ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ተመዘገቡ። ከእነሱ በዕጣ አንዳንዶቹ ተቀጠሩ፣ አንዳንዶቹ ወደ 300 ዶላር መነሻ ገንዘብና አጭር ሥልጠና አገኙ፣ የቀሩት ምንም አላገኙም። ከተቀጠሩት አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር ለቀቀ። ዓመት ሳይሞላ 77 በመቶው ወጥቷል። የፋብሪካ ሥራ ያገኙት ካላገኙት የተሻለ ገቢ አልነበራቸውም፤ የጤና ችግራቸው ግን በዝቶ ተገኘ። መነሻ ገንዘብ የተሰጣቸው በዓመቱ ገቢያቸው በ33 በመቶ ከፍ ብሏል። ከ5 ዓመት በኋላ ሲታዩ ደግሞ በሁሉም መሃል የነበረው ልዩነት ጠፍቷል፤ ስለዚህ ገንዘብ መስጠትም ብቻውን ተአምር አይሠራም። እኔ የምይዘው ግን አንዱን ነው። ከአራት ሰው ሦስቱ የሚለቀው ሥራ ላይ፣ የለቀቀውን አንዱን ልጅ ሰነፍ ማለት ትክክል አይደለም።

የደመወዙም ነገር የሚታወቅ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበር ጽፏል። በዓለም የልብስ ፋብሪካዎች ዝቅተኛው ነው የተባለለት ነው። አገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የላትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል፤ ወለሉ ግን እስካሁን አልተቆረጠም።

ዋስ አምጣ

ከፋብሪካው በኋላ የጥበቃ ሥራ ተገኘለት። ፈተናውን አለፈ። ቁመቱም፣ ጠባዩም፣ መታወቂያውም አልጎደለም። ከዚያ ዋስ አምጣ ተባለ። ቋሚ ደመወዝ ያለው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያጽፍለት ሰው ማለት ነው።

እስቲ አስቡት። አባት የለም። እናት ጉልት ላይ ናቸው። አክስቱ ልብስ ይነግዳሉ። የአባቱ ጓደኞች ጡረታ ላይ ናቸው። ጓደኞቹ ባጃጅ ይነዳሉ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ዕቃ ይሸጣሉ። በዚህ ሰው ዙሪያ ካሉት ውስጥ የደመወዝ ደብዳቤ የሚያጽፍ አንድም የለም። አንድ የሩቅ ዘመድ መምህር ተለመነ። «ነገ አንድ ነገር ቢጠፋ እኔ ነኝ የምከፍለው» ብሎ እምቢ አለ። አልፈርድበትም። ሥራው ለሌላ ሰው ሄደ።

ዘበኛ፣ ገንዘብ ተቀባይ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ የድርጅት ሹፌር ሁሉም ዋስ ይጠይቃል። ዋስ የሚሆነው ደግሞ ሥራ ያለው ዘመድ ነው። ሥራ ያላቸው ዘመዶች ያሉት ሰው ሥራ ያገኛል፤ የሌለው አያገኝም። ይህን ስሰማ በጣም ነው ያዘንኩት፤ ምክንያቱም ሰፈሩ ይህንንም «ጥበቃ እንኳ አልሆነለትም» ብሎ ነው የመዘገበው። ከመነሻውም አልተቀጠረም።

በመጨረሻ ታይዋን አካባቢ ጭነት ማውረድ ጀመረ። የቀን ብሩ ከፋብሪካው ይሻል ነበር። ያስቆመው አክስቱ ናቸው። «የምድር ባቡር ሰው ልጅ ኩሊ ሆነ» እያሉ እናቱን አስለቀሱ። እናቱ ለመኑት፣ ተወ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ጠይቡንም ሸማኔውንም በሙያው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ አስነግረው ነበር። መቶ ዓመት ካለፈው በኋላም በገዛ እጁ ጭኖ የሚበላን ሰው ቤተሰቡ ያፍርበታል። ከሰው ለምኖ ሲቅም ግን እንደዚያ አላፈሩም። አክስቱን አንቱ ብዬ፣ አክብሬ፣ ይህን ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ። ዝም አሉኝ።

የጫቱ ነገር

ጫቱን ልዝለለው ብል አንባቢው አያምነኝም። ልጁ ይቅማል። ሥራ በሌለባቸው ዓመታት ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ይቅም ነበር። ድሬ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ሙቀቱ ያስቀምጣል፣ ሱቁም ይዘጋል፤ በርጫ፣ ተሰብስቦ ጫት መቃሙ፣ የብዙ ሰው ነው። የብዙ ሰው መሆኑ ግን ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ነገር የሚያነቃ ነው፤ ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ስለሚዳከም ነው ከአወዳይ በጥድፊያ የሚመጣው። የቃመ ሰው ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም። ጠዋት ደግሞ ድብርት አለ።

የፋብሪካው ሰርቪስ የሚያልፈው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ልጁ እንቅልፍ የሚወስደው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ያረፍዳል። ሕጉ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደን፣ በጽሑፍ ከተነገረው በኋላ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይፈቅዳል። ልጁ እዚያ አልደረሰም፤ ቀድሞ ጠፋ።

«ጠፋ» የሚለውን ቃል ከሁሉም አሠሪ ሰማሁት። ልጁን ሥራህን ተውክ ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም። የመጨረሻውን ሳምንት በዝርዝር እንዲነግረኝ ነው የለመንኩት። ከሆቴሉ በቀር ታሪኩ ያው ሆነ። አንድ ቀን ይቀራል። በማግስቱ ምን ብሎ እንደሚገባ ይጨነቃል። ስለሚያፍር ይቀራል። ሦስተኛው ቀን ላይ ማፈሩ ይብስበታል። ከዚያ የሠራበትን ብር እንኳ ሳይጠይቅ ይቀራል። የፋብሪካውን የመጨረሻ ቀናት ደመወዝ አልወሰደም። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ብሩን አይተውም ነበር። ከአሠሪዎቹ አንዱም ደውሎለት አያውቅም።

በእኔ ግምት የዚህ ጉዳይ ልቡ እዚህ ነው። ከሥራ ያስወጣው ዝቅተኛ ክፍያ ነው፣ ዋስ ማጣት ነው፣ የአክስት አፍ ነው። ለመመለስ ያቃተው ግን ሐፍረት ነው። አንድ ቀን ቀርተው በማግስቱ በድፍረት የሚገቡ ሰዎች አሉ፤ ከእሱ የሚበልጡት በዚህ ብቻ ነው።

በእውነት መሥራት የማይችልስ?

አለ። አለ ብዬ ነው የማምነው። ከእነ ልጁ ቤት ሁለት በር አልፎ አንድ ጎልማሳ አለ። የአእምሮ ሕመሙ ሲነሳበት ለሳምንታት ሰው አያውቅም። መድኃኒቱን ሲወስድ ለእናቱ ውሃ ያመጣል፣ ግቢ ይጠርጋል። እሱን በሰዓት ግባ፣ በሰዓት ውጣ የሚል ሥራ ውስጥ መክተት ጭካኔ ነው። ለእሱ የሚያስፈልገው መድኃኒት የማይቋረጥበት መንገድና የእናቱን ሸክም የሚጋራ ድጋፍ ነው። የከተማ ሴፍቲኔት የሚባለው የድሆች ድጋፍ ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ድሬዳዋም ሐረርም ነበሩበት። መሥራት የሚችለው በአካባቢ ሥራ ተሰማርቶ ይከፈለዋል፣ መሥራት የማይችለው በቀጥታ ይደገፋል። ክፍፍሉ ትክክል ነው።

የሚያናድደኝ ሁለቱን ሰዎች በአንድ ስም መጥራታችን ነው። «ለሥራ አይሆንም» ስንል የታመመውንም፣ ዋስ ያጣውንም፣ ያፈረውንም አንድ ላይ እንጥላለን። ለታመመው አናዝንም፤ ጤነኛውን አንጠራውም። በሕግም ያው ስሜት ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 384 ስለ «አደገኛ ቦዘኔነት» ነው፤ አቅም እያለው የሚታይ መተዳደሪያ የሌለው መሆን በትርጉሙ ውስጥ ነበረበት። ሥራ ማጣትንና ጥፋትን ማቀራረብ ብዙ ልጅ ጎድቷል ብዬ አምናለሁ።

ዳቦ ቤቱ

ሂሳብ ከምሠራላቸው አንዱ ዳቦ ቤት አለው። ሁሌ የሚያማርረው የሌሊት አቡኪ አይቆይልኝም እያለ ነው። ሥራው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ዱቄት መመዘን፣ ማቡካት፣ ሊጡን ቆርጦ ማሰናዳት፣ እሳት ዳር መቆም። ድሬ ላይ በበጋ ሌሊት እሳት ዳር መቆም ምን እንደሆነ የድሬ ሰው ያውቀዋል። ክፍያው በተቦካው ኩንታል ልክ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በእጅ ይሰጣል። ዋስ አይጠየቅም፤ ዱቄቱ ተመዝኖ ነው የሚገባው፣ ዳቦውም ተቆጥሮ ነው የሚወጣው።

ልጁን ነገርኩለት። «እሱን? ስሙን ሰምቻለሁ» አለ። የለቀቀባቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ ነገርኩት። ሌሊት የሚነቃ ሰው መሆኑንም አልደበቅኩም። ሌላ ሰው ስላልነበረው እሺ አለ።

በሁለተኛው ወር ልጁ ጠፋ። እንቅልፍ ወስዶት አንድ ሌሊት ቀረ፤ ከዚያ እንደ ልማዱ ሁለተኛውንም ቀረ። ባለ ዳቦ ቤቱ ተናደደ። ግን ሊጥ የሚያቦካለት ሰው ስላጣ በሦስተኛው ቀን አንዱን ልጅ ወደ ቤቱ ላከ። «አቦ ና፣ ማታ ዳቦ የለም» የሚል መልእክት ብቻ ነበር። ልጁ መጣ። ስድብ ጠብቆ ነበር፤ ባለ ዳቦ ቤቱ ግን ሥራ ስለበዛበት ሚዛኑን ብቻ አሳየው። ከዚያ ወዲህም ቀርቶ ያውቃል፤ ሲቀር ይደወልለታል፣ ማታውኑ ይመጣል። አሁን ዓመት አልፎታል።

ነገሩ ሁሉ ተስተካክሏል አልልም። አሁንም ይቅማል፤ ቀን ተኝቶ፣ ከሰዓት ቅሞ፣ ማታ ሥራ ይገባል። ሰዓቱ ገጠመለት እንጂ ጤናው ያሳስበኛል፤ ነግሬዋለሁም። ክፍያው ከፋብሪካው የተሻለ ነው፤ ቤት ተከራይቶ ለማግባት ግን አይበቃም። እናቱ ጎረቤት ሲጠይቃቸው «ሌሊት ሌሊት ይሠራል» ብለው ያልፉታል፤ ምን እንደሚሠራ አይናገሩም። አክስቱ አሁንም «ደህና ሥራ» እየፈለጉለት ነው።

የቀድሞ ቦታዎቹ ላይ የሠራበት ማስረጃ የለውም። ሕጉ ሥራ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው ሲጠይቅ አሠሪው የሥራ ዓይነቱን፣ የቆየበትን ጊዜና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ያስገድዳል። የጠፋ ሰው ግን ተመልሶ አይጠይቅም። ስለዚህ የዳቦ ቤቱን አሁን ሥራ ላይ እያለ እንዲያጽፍ መከርኩት። ደብዳቤውን እኔ አዘጋጀሁ፣ ባለቤቱ ማህተም አደረገበት።

በዚያ ደብዳቤ አንድ ትልቅ ዳቦ መጋገሪያ አመለከተ። የወር ደመወዝ ያለው፣ የጡረታ መዋጮ የሚከፈልበት ሥራ ነው። ሊጥ አስቦክተው ፈተኑት፣ ወደዱት። ከዚያ ዋስ አምጣ ተባለ። ባለ ዳቦ ቤቱ ሠራተኛውን ማጣት ስላልፈለገ ዋስ አልሆንም አለ። እኔ እሆናለሁ ብያለሁ። የግል ሥራ ስለሆነ የደመወዝ ደብዳቤ የለኝም፤ በምትኩ የንግድ ፈቃዴንና የግብር ደረሰኜን አስገባሁ። ይቀበሉት እንደሆነ መልስ እየጠበቅን ነው።